ደረሰኝ የሌለው

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የብሎክ አርባ ሦስት አንጁሎ ነው ጥበቃ።
ሰው ቁም ሳጥን ይዞ፣ ፍራሽ ተሸክሞ
ሊወጣ ሲል «ደረሰኝ!» ይላል በሩ ላይ ቆሞ።
ማንበብ ግን አይችልም፤ ማኅተሙን ነው የሚያይ፣
ክብ ይሁን ብቻ እንጂ፣ ቀለሙም እንደ ሰማይ።

እኔ አስተማሪ ነኝ።
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መጽሐፍ እስከ ጣራ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ጸጋ ሳወራ፣
ሥርወ ቃሉን ስፈታ፣ በሦስት ከፍዬ
ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ቀስት አስከትዬ፣
በጸጋ ላይ እንኳን ፈተና አውጥቼ፣
ለሳተው ተማሪ ዜሮውን ሰጥቼ።

ባለፈው ክረምት ነው ፊደል የጀመርነው፣
ከበሩ ጎጆ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅረው።
የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጠን ስንጽፍ፣
«ሁለት ‹ሰ› ለምንድን ነው? ምነው አንዱ ቢያርፍ?»
እያለ እያሳቀኝ፣ ጣቱ እየጠጠረ፣
መስከረም ሲጠባ ቃል መግጠም ጀመረ።

አንድ ሌሊት መብራት እንደ ልማዱ ሄደ፤
በስልኬ ጭላንጭል ጣቱ ገጹን ወረደ፣
ጭቃ ላይ እንደሚሄድ፣ እያረፈ ቀስ ብሎ፣
አንዱን ፊደል ለቆ፣ ሌላው ላይ ተንጠልጥሎ፣
«ስ... ጦ... ታ...» አለ።
ዝም አለ።
መለሰና አየው።
«ጋሼ፣ ስጦታ ነው የሚለው?»
«አዎን» አልኩት፤ ላብራራለት
ጉሮሮዬን ጠረግኩ።
እሱ ግን እዚያ አልነበረም።

«ስጦታ ከሆነማ» አለ፣
«ደረሰኝ የለውም።
በሩ ላይ የቆመውም
ወረቀት አይጠይቅም።
እኔ እኮ ሃያ ዓመት እየከፈልኩ ነበር።
ቦዲቲ ላይ እናቴን ባዕድ ሰው ሲቀብር
እኔ ጠጅ ቤት ነበርኩ።
ሃያ ዓመት፣ ጋሼ።
በጾም ስከፍል፣
በምጽዋት ስከፍል፣
ሳንቲሙ መቼም አይሞላ።»
ከዚያ በዝናብ ኮቱ እጅጌ
ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤
ልቅሶው ግን የሐዘን አልነበረም፣
እኔ የማላውቀው ዓይነት ነው።

በጨለማው ደረጃ ወደ ላይ ስወጣ
ደረቴ ላይ አንድ ነገር እየከበደ መጣ፤
ስሙን ለመጥራት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ፈጀብኝ።
ቅናት ነው።
ፊደሉን የሰጠሁት እኔ!
‹ስ›ን ያስያዝኩት እኔ፣ ‹ጦ›ን ያስጻፍኩት እኔ፣
ታዲያ ማን ነው በእኔ ሻማ
ሌላ እሳት የለኮሰበት?
እኔ አልነገርኩትም።
ሥጋ የለበሰ ማንም አልነገረው።
ያን ሌሊት መጽሐፎቼ በየመደርደሪያው
ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በሩ ተንኳኳ፣
«ውሃ መጣ! ውሃ!»
በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ከመጣ።
ብሎኩ ሁሉ ነቃ፤ ሕፃን አዝላ የምትወርድ፣
ነጠላ ጫማው ተቀያይሮበት የሚያነክስ፣
ኢንጂነር መንግሥተአብም፣
የቱቦውን ካርታ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው፣
ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከኋላዬ ተሰልፏል።
ካርታውን የጠየቀው ሰው የለም።
አንጁሎ በባትሪው ሰልፉን እያበራ
ሁሉንም አንድ በአንድ ያስጠጋል።
«አንተ ነህ ያመጣኸው?» አለች አንዲት ልጅ።
«እኔማ» አለ፣ «ቀስቃሽ ነኝ።»

ተራዬ ደረሰ።
ቧንቧው በመጀመሪያ ነፋስ ተፋ፣
ሲርርር አለ፣ ሳለ፣
ዝገት ጣለ።
ከሩቅ፣ ከመሬት ሆድ ውስጥ፣
ሲመጣ ይሰማኛል።
«ክዳኑን፣ ጋሼ» አለኝ አንጁሎ ጎንበስ ብሎ፣
«ክዳኑን አልከፈቱትም።»

ያዝኩት። ጠመዘዝኩት።
በቀሚሴ ጫፍ ያዝኩት፣ በጥርሴም ሞከርኩት።
ያጠበቅኩት ራሴ ነኝ፣ በዚህ በገዛ እጄ፤
መክፈቱ ግን አቃተኝ።

ውሃው እየመጣ ነው።